የዩኒቨርሲቲ መምህር ሰፈር ወጥቶ ስለ ፖለቲካ ቢያወራ ምን ትላላችሁ? (ከድሬ)

ባለጠመኔ፦

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እዚሁ አካባቢ ባለ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። የቱ እንደሆነ ይቅር፣ ለጨዋታችን አያስፈልግም። ከአንድ ወር በፊት የሰፈሬ ልጆች "መምህር፣ እሁድ እሁድ እየተሰበሰብን ስለ ሀገር ጉዳይ እንጨዋወታለን፣ አንድ ቀን መጥተህ ስለ ሕዝብ ብዛት ንገረን" አሉኝ። ለምን የሕዝብ ብዛት እንደመረጡ ድሬ የኖረ ሰው አይጠይቅም። 40-40-20 ነዋ። የከተማው ሥልጣን 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌላው ተብሎ በፓርቲዎች ስምምነት ከተከፋፈለ ጀምሮ ሻይ ቤት ብትገባ፣ ባጃጅ ብትሳፈር፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ "እኛ ስንት ነን፣ እነሱ ስንት ናቸው" ላይ ነው የሚያርፈው።

ሄድኩ። ቦታው ጋራዥ ነው። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ግማሹ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ግማሹ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብለዋል። ሰሌዳ ስለሌለ የጋራዡ የብረት በር ላይ በጠመኔ 341,834 ብዬ ጻፍኩ። ይህ በግንቦት 1999 በተደረገው ቆጠራ የተገኘው የድሬዳዋ ሕዝብ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም፣ ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ቢልም ይደረጋል ይደረጋል እየተባለ ሲተላለፍ እነሆ 18 ዓመት አለፈው፣ አሁን በየመድረኩ የምትሰሙት ቁጥር ሁሉ ከዚያ ተነስቶ በስሌት የተገመተ ነው፣ ግምት መጥፎ ነገር አይደለም ግን ግምት መሆኑን እያወቃችሁ ተከራከሩ አልኳቸው። አንዱ ልጅ፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው፣ "ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ የመጣው ሰው ግምቱ ውስጥ አለ ወይስ የለም?" ብሎ ጠየቀኝ። ክፍል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከሰማሁ ሁለት ዓመት ይሆነኛል።

ማታ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። 20 ሴኮንድ። በሩ ላይ ቁጥሩን ስጽፍና "የድሬዳዋ ሕዝብ ነው" ስል ይታያል። በቃ። 1999 የሚለው ራሱ ተቆርጧል። ኮሜንቱ ውስጥ ግማሹ "ሕዝባችንን አሳነሰ" ይላል፣ ግማሹ "የእነሱ ቅጥረኛ"። የሚገርመው፣ እርስ በርስ የማይስማሙት ሁሉ በእኔ ላይ ተስማምተዋል። በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም። በሩን ዘጋና "አንተ የምትናገረውን ሰው እንደ ተቋሙ ቃል ነው የሚወስደው፣ ለምን ራስህንም እኛንም ታስቸግራለህ፣ የምርምር ጽሑፍህን ጻፍ" አለኝ።

አሁን ልጆቹ እንደገና ጠርተውኛል። ርዕሱ ሀገራዊ ምክክሩ ነው። ባለቤቴ ሁለተኛ እንዳትሄድ ብላለች። እኔ ልቤ እየሄደ ነው፣ እግሬ እየቀረ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?


የታይዋኑ፦

አቦ መምህር ሂድ! እኔ ነጋዴ ነኝ፣ አሳጥረዋለሁ። (በኋላ ሳየው አላሳጠርኩም።)

ሐምሌ 22/2016ን አስታውስ። ብር ለገበያ ተለቀቀ የተባለ ቀን። ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለችኝ። ስልኬ ላይ አንዱ "ያላችሁን ዕቃ አትሽጡ፣ እጥፍ ይሆናል" እያለ ይጮሃል፣ ሌላው "ሱቅ ሊታሸግ ነው" ይላል። እኔም ሰው ነኝ፣ ሦስት ቀን ዘጋሁ። ኪራይ እየቆጠረብኝ።

በአራተኛው ቀን አንድ ደንበኛዬ መጣ፣ የኢኮኖሚክስ መምህር ነው፣ ቻርጀር ፈልጎ። በሩን ቆረቆረ፣ ግማሽ ከፈትኩለት። ምን ሆነህ ነው አለኝ፣ ነገርኩት። ሳቀብኝ። "ይሄ መደርደሪያህ ላይ ያለው ዕቃ ባንክ በሰጠህ ዶላር ነው የመጣው?" አለኝ። ዝም አልኩ። እዚህም ዝም እላለሁ። "እንግዲያው አንተ የምትገዛበት ዶላር ድሮም ከ100 በላይ ነበር፣ ዋጋህ ውስጥ ገብቶ አልቋል። የሚፈራለት በባንክ ዶላር ይገባ የነበረው ነው፣ ነዳጁ፣ መድኃኒቱ፣ ማዳበሪያው፣ እሱንም ለጊዜው እንደጉማለን ብለዋል" አለና ቻርጀሩን ይዞ ሄደ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከሰዓት ሱቄን ከፈትኩ።

በሌላ ቀን "ይህን ነገር ለምን ወጥተህ ለሰው አትናገርም?" ስለው "ማን ጠይቆኝ? ከተናገርኩ በኋላስ ማን ያድነኛል?" አለኝ። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። እኔ በቲክቶክ ሱቅ ስዘጋ፣ የሚያውቀው ሰው ከሱቄ 200 ሜትር ላይ ኪራይ ቤቱ ተኝቷል።


ጨላማው፦

ስንት ተከፈለህ? ዝም ብለህ አስተምር። ልጆቻችን የመውጫ ፈተና እየወደቁ እናንተ ጋራዥ ለጋራዥ ፖለቲካ።


ባለጠመኔ፦

@ጨላማው የተከፈለኝ አንድ ሻሂና ግማሽ ሳምቡሳ ነው። ግማሹን የጋራዡ ባለቤት ልጅ በላው። የመውጫ ፈተናው ላይ ግን እውነት አለህ፣ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገር።


አለማያ65፦

ልጄ፣ እኔ ሐረር የምኖር ጡረተኛ ነኝ። በስልክ ስለምጽፍ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ።

አለማያ ኮሌጅ የገባሁት በ1965 ነው። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምትሉት ማለቴ ነው። ኮሌጁ ከኦክላሆማ በመጡ አሜሪካውያን እገዛ የተቋቋመ ስለሆነ፣ ማስተማሩ፣ ምርምሩና ገበሬውን ማማከሩ አንድ ላይ የሚሄዱ ናቸው ተብሎ ነው የተተከለው። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ከአንድ አስተማሪያችን ጋር ወደ ገበሬ ማሳ ወጣን። ማሽላውን አቀንጭራ የሚባለው አረም ወርሶታል። አስተማሪያችን ጭቃው ውስጥ ተንበርክከው አንዷን ማሽላ ከነሥሯ ነቀሉና፣ አቀንጭራዋ ከታች ሥሩ ላይ እንዴት እንደምትጣበቅና ምግቡን እንደምትመጥ ለገበሬው በእጃቸው አሳዩት። ሰውየው በደንብ አየ። ከዚያ ምን አለ መሰላችሁ፣ "ይችን እነቅላለሁ። ከላይ ሆኖ ምርቴን የሚካፈለኝስ? ለእሱ መድኃኒት አላችሁ?" አለ።

አስተማሪያችን እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። "እሱ የእኛ ሙያ አይደለም" አሉና መኪና ውስጥ ገባን። እስከ ግቢ ድረስ ማንም አልተናገረም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የካቲት 25/1967 የገጠር መሬት አዋጅ መጣ። እንግዲህ ያን ያህል ትልቅ ነገር ደጃችን ቆሞ እኛ ስለ ሥር ነበር የምናወራው። አስተማሪያችንን አልወቅሳቸውም፣ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ነገር ግን የሰውየው ፊት እስከ ዛሬ ይታየኛል።

አለቃህን ፈሪ አትበለው። ያየ ሰው ሊሆን ይችላል። በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረዋል፣ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። በ1993 ደግሞ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ እዚያው ግቢ ውስጥ ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ አካዳሚ ነፃነት ከተማሪ ጋር ከተወያዩ በኋላ ታስረዋል። ከሁለቱ አንዱ ዛሬ የትምህርት ሚኒስትር ናቸው። ይህን ሁሉ ያየ ሰው "ወረቀትህን ጻፍ" ቢልህ ክፋት ላይሆን ይችላል።

ሕጉን ግን አንብበው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ፣ 1152/2011 ማለት ነው፣ የአካዳሚ ነፃነትን ያውቃል። መምህሩ ማስተማር ላይ የራሱን የፖለቲካ አቋም ተማሪው ላይ እንዳይጭንም ይፈልጋል። ልክ ነው፣ ተማሪ ውጤቱ በእጅህ ስለሆነ ሊከራከርህ አይችልም። የጋራዡ ልጅ ግን ምንም አታደርገውም። ካልጣምከው ተነስቶ ይሄዳል። እኔ ብሆን እሄዳለሁ። ስጀምር "የምናገረው በራሴ ስም ነው" እላለሁ፣ ሙሉውን ራሴ አስቀርጻለሁ፣ ካልተቆጠረ ነገር ላይ እንደ ተቆጠረ አልናገርም።


የገንደቆሬዋ፦

ሁላችሁም መምህሩን ታጀግናላችሁ። እኔ ደግሞ ቅር የሚለኝን ልናገር፣ አትቀየሙኝ።

ባለፈው ዓመት ለስብሰባ ተጠርተን ሄድን። አዳራሹ ይነድዳል፣ ማራገቢያው አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው፣ እሱም መድረኩ ላይ። አንድ ዶክተር መጡ። ፓወር ፖይንት ከፈቱ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስላይድ ሲገለብጡ "ፓራዳይም"፣ "ናሬቲቭ"፣ "ስቴት ቢልዲንግ" አሉ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በኦሮምኛ "ምን እያሉ ነው?" ይሉኛል፣ እኔ ምን ልበላቸው? በአማርኛውም አልገባኝም። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ሲባል እኚህ እናት እጅ አወጡና "ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው? መስመሩ ተቀይሯል የሚባለው እውነት ነው?" አሉ። "እናቴ፣ እሱ ከርዕሱ ውጪ ነው" ተባሉ። ተቀመጡ። ከዚያ የታሸገ ውሃ ታደለን! ወላሂ አልዋሸሁም።

በቴሌቪዥን የሚቀመጡትም ያው ናቸው። "ምሁርና ተንታኝ" ተብሎ ከሥሩ ይጻፍላቸዋል። የጋበዛቸውን ጣቢያ ካወቅኩ የሚሉትን እኔ ቀድሜ እነግርሃለሁ፣ ድምፁን ዘግቼ። ስለዚህ ሰው ምሁር አይሰማም ስትሉ፣ ሰው ስንት ጊዜ ሰምቶ እንደታዘበም አስቡ።

ደግሞ ቋንቋ። ድሬ ውስጥ ሦስት ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር የምንናገር ሰዎች ነን። መምህር፣ አንተ በአማርኛ ብቻ ስትናገር ግማሹ ሰፈር ከወዲሁ "የእነሱ ነው" ብሎሃል፣ ቁጥሩን ሳትጽፍ። በሶማሊኛና በኦሮምኛ የሚደግምልህ ልጅ አጠገብህ አቁም። ለወጉ ብለህ አይደለም፣ ቪዲዮውን የሚቆርጠው ሰው ሦስቱን በአንዴ መቁረጥ ይከብደዋል።


ባለጠመኔ፦

@የገንደቆሬዋ እትዬ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግሜ አነበብኳት። ይህ ሐሳብ በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። የውሃው ታሪክ ግን አሳፈረኝ፣ ምክንያቱም እኔም "ከርዕሱ ውጪ ነው" ያልኩባቸው ቀኖች አሉ።

@አለማያ65 ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ሽማግሌው ልክ ናቸው" አለች። ሂድ ግን አላለችም።


የሸዋበር_ልጅ፦

ከሐረር ነኝ። የሚሠራ ነገር እንዴት እንደሚመስል ያየሁትን ልንገራችሁ።

እኛ ጋ የ2013ቱ ምርጫ ዘግይቶ መስከረም 20/2014 ነው የተካሄደው። ከዚያ በፊት ከክልሉ ውጪ የሚኖሩ ሐረሪዎች ይመርጣሉ አይመርጡም የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ ነበርና ከተማው በዚያ ወሬ ታምሶ ከረመ። ሸዋ በር አጠገብ ከምንቀመጥባት ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሊደባደቡ ደረሱ፣ አንዱ "አዲስ አበባ የሚኖር ሰው እኔን ሊገዛ ነው" ይላል፣ ሌላው "መብቴን ልትቀማ ነው" ይላል። አንድ የሕግ መምህር ጥግ ላይ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ዕቃ የመጣበት ካርቶን ቀደደና እስክሪብቶ አወጣ። ሁለት ሳጥን ሠራ። አንዱ ውስጥ 22፣ ሌላው ውስጥ 14 ጻፈ። "የክልሉ ምክር ቤት 36 ወንበር ነው። 22ቱን እዚህ የምንኖር ሁሉ እንመርጣለን። 14ቱ ሐረሪዎች ብቻ የሚመርጡት የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ነው፣ ክርክሩ እዚህች ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። አሁን ቀጥሉ" አላቸውና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

ቀጠሉ። ክርክሩ አልቆመም፣ እንዲያውም ረዘመ። ግን ስለ 14ቱ ነበር። ሲወጡ አንደኛው ካርቶኑን ኪሱ ከተተ። መምህሩ 14ቱ ተገቢ ነው አይደለም ብሎ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እሱን ስጠይቀው "እሱን እኔም በድምፄ ነው የምናገረው፣ እንደ ማንም ሰው" አለኝ። እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም፣ የሚያውቅ ሰው አቋሙንም ቢናገር ደስ ይለኛል፣ ሳጥኑን ከሠራ በኋላ እስከሆነ ድረስ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ፣ 1185/2012፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ላይ ሐሰተኛ መረጃ ሲሰራጭ ቅጣቱን እስከ 3 ዓመት ያደርሰዋል። መምህር ስንት ተከታይ አለህ?


ባለጠመኔ፦

@የሸዋበር_ልጅ 212። ከነሱ ውስጥ ተማሪዎቼ ለውጤት ብለው የተከተሉኝ ይበዛሉ።


የታይዋኑ፦

ሃሃሃ 213 አድርገው። አሁን ተከተልኩህ።

ስለ ምክክሩ ግን አንድ ነገር፣ ኮሚሽኑን የሚመሩት ፕሮፌሰር መስፍን አርአያ የአእምሮ ሐኪም ናቸው አይደል? ለእኛ ሀገር ፖለቲካ ትክክለኛ ሙያ ነው ብዬ ሱቅ ውስጥ ስቀልድ አንዱ ደንበኛ ተቆጣኝ። እሺ የማይቀልድ ሰው እንዴት ይመካከራል?


ባለጠመኔ፦

ወሰንኩ፣ እሄዳለሁ። ባለቤቴ እሷም መጥታ ከኋላ እንደምትቀመጥ ነግራኛለች፣ ይህ ፈቃድ ይሁን ቁጥጥር አልገባኝም። ለአለቃዬም ነገርኩት፣ "እኔ አልሰማሁም" አለ። እሱም ከእሱ ይበቃል።

የማወራው አጭር ነው። አዋጁ 1265/2014 ኮሚሽኑን ለምን እንዳቋቋመ፣ ኮሚሽነሮቹ 11 እንደሆኑ፣ የሥራ ዘመናቸው 3 ዓመት ተብሎ በኋላ መራዘሙን፣ አጀንዳ ሲሰበሰብ ተሳታፊ በምን መንገድ እንደተመረጠ። ይህኛው የእኔ ሙያ ነው፤ ሰው ሲመረጥ ማን እንደሚቀር ማየት። ከዚያ አፌን ዘግቼ እነሱ ይጠይቁ። ውሃ ቢጠይቁም እመልሳለሁ፣ ካላወቅኩ የሚያውቅ ሰው ለሚቀጥለው እሁድ እፈልጋለሁ። የሚደግሙልኝ ሁለት ልጆችም ተገኝተዋል፣ በሶማሊኛ የሚደግመው ያ ግራሶ እጁ ነው። ካሜራ አልከለክልም። በሩ ላይ ግን ከቁጥሩ በፊት ዓመቱን በትልቁ እጽፋለሁ፣ ቁጥሩን የሚቆርጥ ሰው ዓመቱንም ይዞ እንዲቆርጥ አድርጌ።

እሁድ 9 ሰዓት፣ እዚያው ጋራዥ።


የገንደቆሬዋ፦

9 ሰዓት? በዚህ ሙቀት? ያውም በበርጫ፣ በጫት ሰዓት! ወንዱ አንድ አይመጣልህም፣ ቢመጣም ልቡ ከጀማው ጋር ነው። ሴቱም ቤት አለበት። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አድርገው፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ፀሐዩ ሳይከር። እኚያን የውሃ እናት ይዤ እመጣለሁ።


ባለጠመኔ፦

እሺ እትዬ፣ 2 ሰዓት ተኩል። ለልጆቹ አሁን ደውዬ ነገርኳቸው። ወንበር ስለማይበቃ የቻለ በርጩማ ይዞ ይምጣ ብለዋል።


ጨላማው፦

ጋራዡ የት ጋ ነው?